የሩሲያ ሙሽሮች በሠርጋቸው ዕለት ሐውልትና መቃብር መጎብኘት የጀመሩት መቼ ነው?

መንገደኛው (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ መድረክ አባላት በሙሉ። ባለፈው ነሐሴ ለሥራ ጉዳይ ሞስኮ ሰንብቼ ነበር። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በክሬምሊን ግንብ ሥር ባለው የአሌክሳንደር አትክልት ስፍራ ሳልፍ፣ ቬሎ የለበሰች ሙሽራ ከባሏና ከሚዜዎቿ ጋር ሆና በማይታወቀው ወታደር መቃብር ላይ አበባ ስታኖር አየሁ። እርሷ ዞር ሳትል ሌላ ሙሽራ ከኋላዋ ተራ ይዛ ቆማለች። ማንም አልሳቀም፤ አጃቢዎቹም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ ከአእምሮዬ አልጠፋ ብሏል። እኔ ባደግሁበት አካባቢ የሠርግ ቀን የደስታ ብቻ ነው፤ ሐዘን የተቀመጠ ቤተሰብ እንኳ ቢሆን ሠርጉን ያስተላልፋል እንጂ ሁለቱን አያቀላቅልም። ሙሽራ በቬሎዋ መቃብር ልትሳለም ትሄዳለች ቢባል እናቶቻችን ደንግጠው ያማትባሉ። ያሳፈረኝን ባለታክሲ ስጠይቀው «ድሮም እንዲህ ነው» አለኝ። ግን ይህ «ድሮ» የትኛው ድሮ ነው? ከክርስትና በፊት የነበረ የሙታን አምልኮ ቅሪት ይሆን ብዬ ገምቻለሁ። የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

ታሪክ ወዳድ

ወንድሜ መንገደኛው፣ ባለታክሲው አልዋሸህም፤ ለእርሱ ወላጆቹ ያደረጉት ሁሉ ድሮ ነው። ልማዱ ግን ዛሬ ባለው መልኩ ከስድሳና ሰባ ዓመት ብዙም የሚዘል ዕድሜ የለውም፤ እናም ለመረዳት ከመቃብሩ ሳይሆን ከመዝገብ ቤቱ መነሣት ያስፈልጋል።

ከአብዮቱ በፊት የኦርቶዶክስ ሩሲያዊ ሠርግ በቤተ ክርስቲያን ይፈጸም ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1917 ቦልሼቪኮቹ ባወጡት አዋጅ መንግሥት የሚቀበለው በራሱ መሥሪያ ቤት የተመዘገበ ጋብቻን ብቻ ሆነ። ይህ መሥሪያ ቤት ዛግስ ይባላል፤ እኛ ወሳኝ ኩነት የምንለውን ሁሉ፣ ልደትንም፣ ጋብቻንም፣ ፍቺንም፣ ሞትንም የሚመዘግብ ነው። በ1920ዎቹ የወጣት ኮሚኒስቶች ማኅበር «ቀይ ሠርግ» የሚባል ሞክሮ ነበር፤ በቄሱ ፈንታ የፋብሪካው ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ በቅዱሳን ሥዕል ፈንታ የመሪዎች ሥዕል፣ በቡራኬው ፈንታ ንግግር ማለት ነው። ሥር አልሰደደም። በ1926 የወጣው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ያልተመዘገበ አብሮ መኖርን ሳይቀር እንደ ጋብቻ ስለተቀበለ፣ ብዙ ሰው የመመዝገቡ ፋይዳ አልታየውም። ይህ የተቀለበሰው በሐምሌ 1944፣ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሕጋዊ ውጤት ያለው የተመዘገበ ጋብቻ ብቻ ሆነ።

እንግዲህ ሁኔታውን አስቡት። ሕዝቡ ሁሉ በዚህ ቢሮ ማለፍ ግዴታው ነው፤ ቢሮው ግን አንዲት ጸሐፊና አንድ ጠረጴዛ ያለበት፣ በር ላይ የሟች ዘመድ ወረቀት ሊያወጣ የመጣ ሰው ከሙሽሮች ጋር የሚሰለፍበት ስፍራ ነበር። ፊርማው በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ከዚያስ? ሰዓቱ ገና እኩለ ቀን ነው፤ ግብዣው ማታ ነው፤ የሠርግ ልብስ ለብሰሃል፤ የምትሄድበት ቅዱስ ቦታ ግን የለህም። ጉዳዩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ባዶ ሰዓት ይመስለኛል።

የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቾቭ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሃይማኖት ላይ አዲስ ዘመቻ ሲከፍት፣ ቤተ ክርስቲያንን መዝጋት ብቻውን እንደማይበቃ፣ ሕዝቡ ያጣውን ሥርዓት የሚተካ ሌላ ነገር መስጠት እንደሚያስፈልግ መንግሥት ተረዳ። «የጋብቻ ቤተ መንግሥት» የተባለው የመጀመሪያው ያማረ የጋብቻ መመዝገቢያ ቤት ሌኒንግራድ (የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ) ውስጥ በኔቫ ወንዝ ዳር፣ ቀድሞ የአንድ መስፍን መኖሪያ በነበረ ቤት በኅዳር 1959 ተከፈተ፤ የሞስኮው በ1960 ተከተለ። የእብነ በረድ ደረጃ፣ ሙዚቃ፣ ቀይ ምንጣፍ፣ የቀለበት ማሰርያ ሥርዓት ሁሉ ተመለሰ። በየካቲት 1964 የሩሲያ ፌዴሬሽን የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዳዲስ የሲቪል ሥርዓቶችን በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ ስለ ማስገባት ራሱን የቻለ ውሳኔ አወጣ። በ1968 የወጣው የጋብቻና የቤተሰብ ሕግም ምዝገባው በክብርና በደመቀ ሁኔታ እንዲፈጸም ደነገገ።

በዚሁ መካከል ሌላ ነገር ተፈጠረ። ናዚ ጀርመን የተሸነፈችበት የድል ቀን 20ኛ ዓመት በተከበረበት በ1965 ግንቦት 9 እንደገና የሥራ መዝጊያ በዓል ሆነ። በታኅሣሥ 1966 በሞስኮ መከላከያ የወደቀ አንድ ስሙ ያልታወቀ ወታደር አፅም ከከተማዋ ሰሜን ምዕራብ ካለ የጅምላ መቃብር ወጥቶ በክሬምሊን ግንብ ሥር አረፈ። በግንቦት 8 ቀን 1967 የአገሪቱ መሪ ብሬዥኔቭ በመቃብሩ ላይ ሳይጠፋ የሚነደውን ዘላለማዊውን እሳት ለኮሱ። እሳቱ የመጣው ከሌኒንግራድ የማርስ ሜዳ ሲሆን፣ ችቦውን ሞስኮ ላይ የተቀበለው ሁለት እግሮቹን አጥቶ ወደ ውጊያ የተመለሰው አብራሪ አሌክሴይ ማሬስዬቭ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት በቮልጎግራድ ማማዬቭ ኮረብታ ላይ 85 ሜትር የምትረዝመው የእናት አገር ሐውልት ተመረቀች። አዲሱ ሠርግና አዲሱ የጦርነት መታሰቢያ በአንድ አሥር ዓመት ውስጥ ተወለዱ፤ መገናኘታቸው አልቀረም።

ማኅሌት

ታሪክ ወዳድ የዘረዘሩትን የምቀበለው ቢሆንም ማብራሪያው ከላይ ወደታች ብቻ የሚፈስ ሆነብኝ። መንግሥት በውሳኔ ያስገባቸው ሥርዓቶች ስንት ነበሩ? የመጀመሪያው መታወቂያ ወረቀት አሰጣጥ፣ የሠራተኛነት ቃለ መሐላ፣ የመከር በዓል፤ ብዙዎቹ ከሶቪየት ኅብረት ጋር አብረው ተቀብረዋል። ይህ ለምን ቀረ? ትእዛዝ ሰውን መንገድ ላይ ያወጣው ይሆናል፤ ትእዛዙ ከተነሣ በኋላ ለሠላሳ ዓመት አያመላልሰውም።

እኔ የማስበው ይህን ነው። በ1967 ያገባች የ23 ዓመት ሙሽራ የተወለደችው በ1944 ነው። ሶቪየት ኅብረት በዚያ ጦርነት ወደ 27 ሚሊዮን ሰው አጥታለች። ከእነዚያ ሙሽሮች ስንቱ አባቱን በፎቶግራፍ ብቻ ያውቅ እንደነበር ገምቱ። ስንቱ ቤትስ «ያለበት ሳይታወቅ ጠፍቷል» የሚል ወረቀት ብቻ እንጂ መቃብር አልነበረውም! በጥንቱ የሩሲያ ገጠር ደግሞ አባቷ ወይም እናቷ የሞቱባት ሙሽራ ከሠርጓ በፊት ወደ መቃብራቸው ሄዳ፣ እያለቀሰች ቡራኬ የመጠየቅ ልማድ ነበራት። ወላጅ ሳይመርቅ ትዳር አይጀመርምና።

እንግዲህ አባቷ የት እንደወደቀ የማታውቅ ልጅ ምርቃቱን ከማን ትጠይቅ? በሞስኮው መቃብር ላይ «ስምህ አይታወቅም፤ ጀግንነትህ አይሞትም» ተብሎ ተጽፏል። ስም የሌለው ስለሆነ የሁሉም አባት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መንገደኛው የጠየቁት ጥያቄ፣ ደስታን ከሐዘን ለምን ይቀላቅላሉ የሚለው፣ መልሱ ተገላቢጦሽ ይመስለኛል፤ እነርሱ የሄዱት ለሐዘን ሳይሆን ለምርቃት ነው። የእኛም ሙሽራ ከቤት ስትወጣ የወላጆቿን ጉልበት ትስማለች። ጉልበቱ የሌለባት ድንጋዩን ሳመች።

የኔቫ ዳር

ልጄ ማኅሌት የጻፍሽውን ሳነብ ለረጅም ጊዜ ያላነሣሁት ትዝታ መጣብኝና ለመጻፍ ተገደድሁ። በ1980ዎቹ ከአገራችን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ከተላኩት በሺህ ከሚቆጠሩ ወጣቶች አንዱ ነበርሁ። ሌኒንግራድ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ። በ1984 አንድ የማደሪያ ቤት ጓደኛዬ የከተማዋን ልጅ ሲያገባ ሚዜው እኔ ነበርሁ፤ በእነርሱ ሥርዓት ሚዜ ማለት በመዝገቡ ላይ የሚፈርም ምስክር ነው፤ ከትከሻ እስከ ወገብ አግድም ቀይ ጥብጣብ ያሠሩልሃል።

ሠርጉ ከወር በፊት ነበር የተጀመረው ማለት ይቻላል፤ ማመልከቻ ካስገባህ በኋላ ቢያንስ አንድ ወር መጠበቅ ሕግ ነበር። ማመልከቻውን ሲቀበሉ ለሙሽሮች ብቻ በተለየ ሱቅ ውስጥ ቀለበት፣ ጫማና ሙሉ ልብስ የሚገዛበት ኩፖን ይሰጣሉ፤ ዕቃ በማይገኝበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ምዝገባው እራሱ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ። ከበስተኋላችን ሌሎች ሙሽሮች ተሰልፈው ስለነበር በአንዱ በር ገብተን በሌላው ወጣን።

ከዚያ በኋላ ታሪክ ወዳድ ባዶ ሰዓት ያሉት መጣ። ነገር ግን ማንም ወዴት እንሂድ ብሎ አልጠየቀም፤ መንገዱን ሁሉም ያውቀዋል። ጣሪያው ላይ ሁለት የወርቅ ቀለም ቀለበቶች፣ አፍንጫው ላይ አሻንጉሊት የታሠረበት ቮልጋ መኪና መጀመሪያ እዚያው አጠገብ ወዳለው ወደ ታላቁ ጴጥሮስ የነሐስ ፈረሰኛ ወሰደን። ቀጥሎ ማርስ ሜዳ፣ ወደ ዘላለማዊው እሳት። ከዚያም ወደ ቫሲሊዬቭስኪ ደሴት ጫፍ ሄደን ኔቫ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ሻምፓኝ ተከፈተ፤ ብርጭቆዎቹንም ለመልካም ዕድል ድንጋዩ ላይ ሰበሩ።

የማልረሳው ግን የመጨረሻውን ነው። የሙሽሪት እናት ከከተማ ወጣ ወዳለው ወደ ፒስካርዮቭስኮዬ መቃብር ካልሄድን አለች። በጦርነቱ ጊዜ 872 ቀን በቆየው የጀርመኖች ከበባ በረሃብና በቦምብ ካለቁት ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በጅምላ ጉድጓድ ያረፉት እዚያ ነው። በእያንዳንዱ የአፈር መደብ ራስጌ ያለው ድንጋይ ስም የለውም፤ ዓመት ብቻ ነው የተቀረጸበት፤ የወታደር ከሆነ ኮከብ፣ የሲቪል ከሆነ ማጭድና መዶሻ ይጨመርበታል። የእናትየዋ ወላጆች በ1942 ክረምት ሞተው በበረዶ መንሸራተቻ ተጎትተው እንደተወሰዱ እንጂ የትኛው ጉድጓድ እንደገቡ አታውቅም። ስለዚህ «1942» ከሚሉት አንዱ ፊት ቆመች፤ ልጇንና አማቿን አጠገቧ አቆመች። ጓደኛዬ የጎጃም ልጅ ነው፤ ማንም ሳይነግረው ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ሲል እኔ ክንዱን ያዝሁት፤ በዚያ ብርድ! እናትየዋ ግን አይታው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ ልጄ እንጂ አማቼ ብላ አልጠራችውም።

ታሪክ ወዳድ

ጋሼ የኔቫ ዳር፣ ስለነገሩን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ ማኅሌትም ያልሽው ትክክል ነው፤ የእኔ ማብራሪያ በሩ እንዴት እንደተከፈተ እንጂ ሰው ለምን እንደገባ አያሳይም ነበር።

ይህን የሚያጠናክር አንድ ማስረጃ ልጨምር። በመጀመሪያ የሶቪየት ሥርዓት አዘጋጆች ሙሽሮች አበባ እንዲያኖሩ ያበረታቱ የነበረው በወታደር መቃብር ብቻ አልነበረም፤ በየከተማው አደባባይ በቆመው የሌኒን ሐውልት ሥርም ጭምር ነው፤ በሞስኮም ወደ መካነ መቃብሩ የሚሄዱ ነበሩ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተጀመሩ። ዛሬ ግን ሌኒን ዘንድ የምትሄድ ሙሽራ ማግኘት ብርቅ ነው፤ ወታደሩ ዘንድ ተራ ይያዛል። መንግሥትም በመጨረሻ ሕዝቡን ተከተለ ማለት ይቻላል፦ የአገሪቱ ቁጥር አንድ የክብር ዘብ ለአሥርተ ዓመታት የቆመው በሌኒን መካነ መቃብር በር ላይ ነበር፤ በ1993 ከዚያ ተነሣ፤ በታኅሣሥ 1997 ደግሞ በማይታወቀው ወታደር መቃብር ቆመ።

ስለ መንገዱ ዙርነትም አንድ ነገር። ከአብዮቱ በፊት በገጠር የሠርገኛው የፈረስ ሰረገላ ሰልፍ «የሠርግ ባቡር» ይባል ነበር፤ ባቡር ከመምጣቱ በፊት የነበረ ስም ነው፤ ቃሉ ሰልፍ ማለት ነውና። ደወል የታሠረላቸው ፈረሶች ሙሽሮቹን ከቤተ ክርስቲያን ሲመልሱ በመጡበት መንገድ አይመለሱም፤ ክፉ ዓይንና ክፉ መንፈስ ዱካቸውን እንዲያጣ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳሉ። የመንደሩ ሰው ደግሞ መንገዱን በግንድ ወይም በገመድ ዘግቶ ካልተጎረሰና ካልተጠጣ አላሳልፍም ይላል። ሰርገኛን አግዶ ማስለመንን እኛም የምናውቀው ስለሆነ ማብራራት አያሻም። ቮልጋ መኪናው በከተማዋ ውስጥ ጥሩምባ እያስጮኸ የሚዞረው እንግዲህ የዚያ ሰረገላ ልጅ ነው። ልዩነቱ ሰረገላው የሚሸሽ ሲሆን መኪናው ግን ማረፊያ አለው።

ጠይም ቀለም

እኔ የካተሪንበርግ ውስጥ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ስለሆነ የዛሬውን ላካፍላችሁ። ጋሼ የነገሩን ዓይነት ሠርግ አሁንም አለ፤ ነገር ግን መንገዱ በየከተማው ሌላ ሌላ መልክ ይዟል። እዚህ ሙሽሮች ከከተማው ወጥተው የአውሮፓና የእስያ ድንበር ላይ ወደቆመው ሐውልት ይሄዳሉ። መስመሩን ተሻግረው አንዱን ብርጭቆ በአውሮፓ፣ ሌላውን በእስያ ይጠጣሉ፤ በአካባቢው ባሉ ዛፎች ላይም ጥብጣብ ያሥራሉ። በሴንት ፒተርስበርግ ከፎንታንካ ወንዝ ግንብ ላይ በ1994 የተተከለች ቺዢክ ፒዢክ የምትባል ትንሽ የነሐስ ወፍ አለች፤ ሙሽራው ብርጭቆ በክር አሥሮ ወደ ታች ያወርድና ሳይሰብር ከወፏ ጋር ማጋጨት አለበት። በካሊኒንግራድ ደግሞ አበባው የሚቀመጠው በፈላስፋው በካንት መቃብር ላይ ነው! ከተማዋ እስከ 1945 ጀርመናዊት ኮኒግስበርግ ነበረች፤ ከጦርነቱ በኋላ የሰፈሩት ሩሲያውያን እዚያ አያትም መቃብርም አልነበራቸውም፤ ልማዱን ግን ይዘው ስለመጡ ያገኙትን የተከበረ መቃብር የራሳቸው አደረጉት። ለእኔ ይህ የማኅሌትን ሐሳብ በደንብ ያሳያል።

ትንንሽ ከተሞች ውስጥ ብዙ ምርጫ የለም፤ በሲሚንቶ መደብ ላይ የቆመ ቲ-34 ታንክ ወይም የወደቁ የአካባቢው ልጆች ስም የተጻፈበት ሐውልት ነው፤ ሙሽሮቹም ወደዚያው ይሄዳሉ። ትልልቆቹ ከተሞች ውስጥ ግን የፎቶ አንሺው ፕሮግራም መንገዱን እየመራው ነው። ሙሽራው ሙሽሪትን ተሸክሞ ድልድይ ያሻግራል፤ ሰባት ድልድይ መሻገር አለብን የሚሉም አሉ። ስማቸው የተቀረጸበትን ቁልፍ ከድልድዩ ብረት ላይ ቆልፈው መክፈቻውን ወንዝ ውስጥ ይጥላሉ። ሞስኮ ውስጥ ቁልፉ በዝቶ ድልድዩን ስላስቸገረ በ2007 በሉዝኮቭ ድልድይ ላይ ቁልፍ የሚንጠለጠልባቸው የብረት ዛፎች ተተከሉ። ብዙ ወጣት ጓደኞቼ ወደ ዘላለማዊው እሳት መሄድን የአያቶች ነገር ነው ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ በሙታን ፊት ሻምፓኝ መክፈት ነውር ነው ብለው ሆን ብለው ይተዉታል። ቤተ ክርስቲያን የሚያገቡትም እንደገና በዝተዋል፤ ለእነርሱ ያ ባዶ ሰዓት የለም።

ማኅሌት

ነውር ነው ብለው የሚተዉት ወጣቶች ልማዱን ከሚያደርጉት ብዙዎች በላይ ያከበሩት ይመስለኛል። ቦታው ምን እንደሆነ አውቀው ነው የተዉት። የሚያሳስበኝ ጀርባውን ለእሳቱ ሰጥቶ ፎቶ ተነሥቶ የሚሄደው ነው።

መንገደኛው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጥንት የሙታን አምልኮ ያልሁት ግምቴ እንዳልሠራ ገብቶኛል፤ ያየሁትም አሁን በሌላ ዓይን ይታየኛል። አዲስ አበባም ሙሽሮቻችን ከቃል ኪዳኑ በኋላ በመኪና ሰልፍ ወደ መናፈሻ መሄዳቸው ትዝ ብሎኝ ነበር፤ ነገር ግን የእኛው ለአረንጓዴው ሣርና ለፎቶው ብቻ ስለሆነ፣ ላይ ላዩን ቢመሳሰልም ያው ነው ለማለት አልደፍርም።

ጋሼ የኔቫ ዳር፣ አንዲት ጥያቄ ልጠይቅዎት። ሙሽሪት እሳቱ ዘንድ ያኖረችው የያዘችውን የራሷን እቅፍ አበባ ነው ወይስ ሌላ? በሞስኮ ሳይ ሩቅ ስለነበርሁ አልለየሁትም።

የኔቫ ዳር

ልጄ፣ ጥሩ ነው ያስተዋልኸው። የራሷን እቅፍ አታኖርም። ሩሲያውያን አበባ ሲሰጡ ይቆጥራሉ፤ ለሕያው ሰው ሁልጊዜ ጎዶሎ ቁጥር፣ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት፤ ለሙታን ግን ሙሉ ቁጥር። ለልደት አሥር ጽጌረዳ ይዘህ ብትሄድ ባለቤቷ አንዱን መዝዛ ታወጣለች፤ እኔ ላይ ደርሶ ያውቃል። ስለዚህ በሠርጉ ቀን መኪናው ውስጥ ሁለት ዓይነት አበባ ነበረ። ሙሽሪት ነጭ እቅፏን በግራ እጇ እንደያዘች፣ በቀኟ ከመቀመጫው ላይ ቀይ ካርኔሽን አነሣች። ከመውረዷ በፊት እናቷ ተቀብላ ቆጠረቻቸው፤ ስድስት ነበሩ። አራቱን ለማርስ ሜዳ ሰጠቻትና ሁለቱን በጋዜጣ ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ፒስካርዮቭስኮዬ የምንሄድ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።